ሃምሳ እርምጃ ሐይቅ ዳር

ለባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ሁሉ፣ እንዲሁም ለከተማችን ሰው

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ስለ አባቴ ልጽፍላችሁ ነው። ስሙን አታውቁትም። ሳታዩት ግን አልቀራችሁም። ጠዋት ሐይቅ ዳር ስትሮጡ፣ ወይም ለሰርግ ፎቶ ስትነሱ፣ ከኋላችሁ ጎንበስ ብሎ የታንኳ መሥሪያ ደንገል የሚያስር አጠር ያለ ቆፍጣና ሽማግሌ ካለ እሱ ነው። በየሰው የሰርግ አልበም ውስጥ ሳይጠራ ገብቷል።

ባለፈው ጥር አረፈ። አላህ ይዘንለት። ዕድሜውን በትክክል አያውቀውም ነበር። እናቱ «ጣልያን በወጣ በሁለተኛው ክረምት» ትለው ነበር አሉ። በዚያ ስናሰላው ሰማንያን በደንብ አልፏል። ከዚህ ውስጥ ስድሳ ምናምኑን ዓመት ታንኳ ሲሠራ ነው የኖረው። ሌላ ሥራ አልሞከረም ማለት አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲከፈት ከሰፈሩ ጎረምሶች ጋር ሄዶ ነበር። ሦስት ቀን ሠርቶ ተመለሰ። ምን ሆነህ ነው ሲሉት «እዚያ ውስጥ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም» አለ። ጓደኞቹ በዚያው ጡረታ ወጡ፣ እሱ ጡረታ የሚባል ነገር ሳያውቅ ሞተ።

እኛ ነገደ ነን። ብዙ ሰው በሌላ ስም ይጠራናል፤ ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም። ከጣና ዳር ሳንርቅ በዓሣ፣ በደንገልና በወፍጮ ድንጋይ የኖርን ሰዎች ነን። ጥንት አያቶቻችን ጉማሬ ያድኑ ነበር። የተናቅነውም በዚያ ሰበብ ነው። የራሳችን ቋንቋ ነበረን ይባላል፤ ዛሬ አፋችንን የፈታነው በአማርኛ ነው። አባዬ ወጣት ሳለ ታንኳውን ይገዙታል፣ እጁን ግን አይጨብጡትም ነበር። ገንዘቡን መሬት ላይ ያስቀምጡለትና እሱ ያነሳዋል። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሲነግረኝም እየሳቀ ነበር። «ብሩ ግን ያው ብር ነው» አለኝ።

እኔ አራተኛ ልጁ ነኝ። ሰባት ነን። አስተማሪ ነኝ፣ ስለዚህ ረዥም ደብዳቤ ብጽፍ ልማዴ ነው ብላችሁ እለፉልኝ።

ሦስተኛ ክፍል እያለሁ አስተማሪያችን የወላጆቻችንን ሥራ በየተራ ስትጠይቀን «ዓሣ ነጋዴ» አልኩ። ታንኳ ሠሪ ማለት አፍሬ። ወሬው እንዴት ቤት እንደደረሰ እስካሁን አላውቅም። አባዬ አልተቆጣም፣ ምንም አላለም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስገባ ደንገሉን እያሰረ ቀና ብሎ «ዛሬ ቆሮሶ ስንት ገባ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም፣ አግብቼም፣ ወልጄም ደጃፉ ላይ በቆምኩ ቁጥር «ዓሣ ነጋዴዋ መጣች» ነው የሚለው። የመጨረሻው ሳምንት ላይ እንኳ፣ ድምፁ አልወጣ ብሎት፣ ከንፈሩን ሳይ ገባኝ።

ማታ ማታ ጫማ ይቆጥር ነበር። ቤታችን ሲገባ ጫማ ደጃፍ ላይ ይወልቃል። ከኢሻ ሶላት በኋላ ባትሪውን ይዞ ይወጣና አንድ ሁለት እያለ ይቆጥራል። ሰባት ጥንድ ካልሞላ አይተኛም። ታላቅ ወንድሜ ጎረምሳ ሲሆን ዘዴ አገኘ፤ አሮጌ ጫማውን ደጃፍ ላይ ትቶ በአዲሱ ይወጣ ጀመር። ሁለት ማታ ሠራለት። በሦስተኛው አባዬ ጎንበስ ብሎ እጁን ጫማው ውስጥ ከተተ። ቀዝቃዛ ነው። ባትሪውን ይዞ ሲኒማ ቤት በር ድረስ ሄደ።

በለቅሶው ሰሞን ደጃፉ በጫማ ተሞልቶ መርገጫ ጠፍቶ ነበር። ከጫማዎቹ መሐል ከጎማ የተሠራ የመነኩሴ ጫማ አየሁ። ከደሴቶቹ ከአንዱ ገዳም በየዓመቱ ታንኳ የሚያዙት አባት ነበሩ። በማን ታንኳ እንደመጡ ጠየቅኳቸው። «በሞተር» አሉኝና አንገታቸውን ደፉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ታንኳ ከውሃ ይልቅ የብስ ነው የምትፈልገው። ይህን ከተማችን ውስጥ የሚያውቅ ሰው እያነሰ ስለመጣ ላስረዳ። የደንገል አገዳ ሦስት ማዕዘን ነው። ከውስጡ ነጭ እንደ ስፖንጅ ያለ፣ አየር የሞላው ነገር አለ። የሚያንሳፍፈው እሱ ነው። ግን ያው ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል፣ በተለይ በተቆረጠው ጫፉ። ሐይቅ ላይ ስትሠራ የዋለች ታንኳ ማታ ከብዳ ነው የምትወጣው። ስለዚህ ወደ የብስ ትጎተታለች፣ ዛፍ ተደግፋ ትቆማለች፣ ውሃዋ ይንጠፈጠፋል፣ ፀሐይ ይመታታል። ያን ካላገኘች በሳምንታት ውስጥ ትበሰብሳለች። ብታገኝም ቢበዛ ጥቂት ወራት ነው ዕድሜዋ። አባዬ ሥራ ፈትቶ የማያውቀው ለዚህ ነው። እንደ እንጨት ጀልባ ሃያ ዓመት የምትቆይ ቢሆን ኖሮ ሰባት ልጅ ባልበላ።

ደንገሉም ራሱ ከመታሰሩ በፊት መሬት ይፈልጋል። በማጭድ ይቆረጣል፣ ይሰጣል፣ ይገለበጣል። አባዬ መድረቁን በዓይኑ አይደለም የሚያውቀው። አንዱን አገዳ ከጆሮው አጠገብ ያደርግና በጥፍሩ ይመታዋል። እርጥብ ከሆነ ዝም ይላል፣ ሲደርቅ ግን ባዶ ቅል እንደመታችሁ «ጧ» ይላል። ከዚያ ገመዶቹን መሬት ላይ በእርምጃ ለክቶ ያጋድማቸዋል፣ ደንገሉን በላያቸው ይረበርባል፣ ተንበርክኮ በጉልበቱ እየረገጠ ይጠፍረዋል። ሁለቱ እጆቹ ሲያዙ በጥርሱ ይጎትታል። ከፊት ጥርሶቹ የግራዋ በዚሁ ነው የወለቀችው፤ ከዚያ በቀኙ ቀጠለ። አፍንጫዋን ሽቅብ አጥፎ በገመድ ወጥሮ ይተዋታል፣ ቅርጹን እስክትለምድ። ሰውነቷ ወፈር ያለው ወገብ ላይ ነው። ተቀማጩ እንዳይረጥብ መሐሏ ላይ ሌላ የደንገል እስር ይነጠፍባታል። መቅዘፊያው ረዥም ቀርከሃ ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚሆነው የት ነው? ውሃ ላይ አይደለም። ሐይቅ ዳር፣ መሬት ላይ።

አባዬ የሚሠራበት ቦታ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ነበር። እኔ ስወለድ እዚያ ነበር፣ ትምህርት ስጨርስም እዚያው ነበር። ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡ ታንኳዎች እዚያ አካባቢ ያራግፉ ነበር። ከዚያ አንድ መዝናኛ መጣና አጥሩን ከዋርካው ወዲህ አሳለፈው። ዘበኛው ጨዋ ልጅ ነበር። «አባት፣ ይቅርታ፣ እዚህ ማስጣት አይቻልም ተብሏል» አለው። አባዬ ደንገሉን ተሸክሞ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ተሻገረ። ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያም አጥር መጣ። እንደገና ሄደ። በመጨረሻ ግቢያችን ውስጥ መሥራት ጀመረ።

ግቢያችን ከሐይቁ ወዲያ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። አንድ ታንኳ ባለቀች ቁጥር ሁለት ወንድሞቼ፣ ባለቤቴና እኔ ተሸክመን አስፋልት እናቋርጣለን። ባጃጆቹ ይጮሁብናል። አንድ ቀን በነጠላ ሸፍነናት ስናልፍ ሰዎች ሬሳ መስሏቸው ቆሙ፣ አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። አባዬ ከኋላችን በምርኩዙ ይከተል ነበር። «ገና ነኝ፣ ገና ነኝ!» እያለ እጁን አወዛወዘላቸው። ሳቃችን መጥቶ ልንጥላት ነበር።

ጥፋቱ ሁሉ የአጥር ነው እያልኩ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የዝናቡ ማነስና ለኤሌክትሪክ የሚለቀቀው ውሃ ተደራርበው ሐይቁ ክፉኛ ሸሸ። ትልልቆቹ ጀልባዎች ቆሙ። ደንገሉ የብስ ላይ ቀረ፣ ደረቀ። ውሃው የለቀቀውን መሬት ሰው አረሰው። ምን ያድርግ፣ መሬት አይቶ! ውሃው ሲመለስ ግን ደንገሉ እንደ ድሮው አልተመለሰም። አባዬ ያን ዓመት ደንገል ፍለጋ እስከ ግልገል ዓባይ አፍ ድረስ ሄዶ አራት ቀን አደረ። እናቴ አራቱንም ማታ ጫማውን ደጃፍ ላይ ስታይ አመሸች። ቆጣሪዋ እሷ ሆነች። በኋላ ደግሞ በ2004 ገደማ እምቦጭ የሚባለው አረም መጣ። ለእምቦጭ አገር ተነሳ፣ ወጣቱ በአውቶቡስ እየተጫነ መጣ፣ ደግ አደረገ። ደንገል ሲጠፋ ግን ማንም አልተነሳም። ሲበዛ እንጂ ሲጠፋ የማይታይ ተክል ነው መሰለኝ። ዓሣው ጫጩቶቹን የሚያሳድገው በእሱ ሥር ነው። ከማሳ የሚታጠበውን ደለል የሚይዘውም እሱ ነው። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ጋር ሲመዘግብ ሰልፍ ወጥተን አጨብጭበናል። አባዬም መሐላችን ነበር። ሥራ ጠፍቶት አይደለም፣ ሰው ሲሰበሰብ ስለሚወድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ላውጋችሁ። ልጆች ሳለን አባዬ «የኛ ደንገል ትልቁን ባሕር አቋርጧል» ሲለን እንስቅበት ነበር። ሽማግሌ ያጋንናል ብለን። ካደግኩ በኋላ አንብቤ አፈርኩ። ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌያዊ፣ የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ተነሳ። ደንገሉ ከጣና ተቆርጦ ግብፅ ተወሰደ። እዚያ ፒራሚዶቹ አጠገብ ከቻድ በመጡ ሰዎች ተሠራ፣ «ራ» ተባለ። በ1961 ዓ.ም. ግንቦት ከሞሮኮ ተነሳ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ ባርቤዶስ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ውሃ ጠጥቶ ተበታትኖ ተዉት። በዓመቱ ሌላ አሠሩ፣ በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች እጅ። ደንገሉ አሁንም የኢትዮጵያ ነው። ያኛው በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ።

ይህን በስልኬ እያነበብኩ ለአባዬ ነገርኩት። እጁ ሥራው ላይ ነው። የመጀመሪያው መበታተኑን ስነግረው «መቼ አውጥተው አደረቁት?» አለኝ። አባዬ፣ ውቅያኖስ ነው፣ የት ያወጡታል? አልኩት። «እንግዲያውስ» አለና ገመዱን ነከሰ። ሁለተኛው 57 ቀን ሳይወጣ መድረሱን ስነግረው ግን እጁ ቆመ። ቆይቶ «የየት አገር ሰዎች ናቸው?» አለ። ነገርኩት። «ጎበዝ ናቸው» አለ። ከዚያ ያን ቀን ሌላ ነገር አልተናገረም። ማታ ሻይ እየጠጣን ብቻ «ከኛ ሰው ግን ለምን አልወሰዱም?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁንም አገራችን ታንኳን የምትወዳት ፎቶ ላይ ነው። የቱሪዝም ፖስተር ላይ አለች። ሆቴሎች በር ላይ አበባ ተተክሎባት ትቆማለች። አንድ ጊዜ ለበዓል ተብሎ አንድ መሥሪያ ቤት አባዬን ታንኳ አሠራው። ሁለት ቀን ድንኳን ሥር ተቀመጠች፣ ሰው ፎቶ ተነሳባት፣ ለእሱም ሰርተፍኬት ሰጡት። ሰርተፍኬቱ በፍሬም ሆኖ ሳሎናችን ተሰቅሏል፤ ስሙ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። ከበዓሉ በኋላ ታንኳዋን ከግቢው ጀርባ ወረወሯት። ሐምሌ ነበር። አባዬ «በሽተኛ ልጠይቅ ነው» ብሎ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። አንስተው ግድግዳ እንዲያስደግፏት ብቻ ነበር የሚለምነው። ገንዘብ አልጠየቀም። በሦስተኛው ስትበሰብስ አየና መሄዱን ተወ።

ከዚያ ዓመት ቀጥሎ እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አባዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ከግቢ አልራቀም። የሐኪም ቤቱ ፍራሽ ጎኗን አቆሰላት። እሱ በደረቅ ደንገል ፍራሽ ሠራላት፣ ለስላሳውን ጫፍ ጫፉን መርጦ። እርጥበት እንዳይዘው በየሁለት ሳምንቱ ይፈታውና በአዲስ ይቀይረዋል። ሲቀይረው እሷን አቅፎ ወንበር ላይ ያስቀምጣታል። ሰማንያ ዓመቱ ገደማ ነው ያኔ! እኛ እናግዝህ ስንል «ክብደቷን እኔ ነኝ የማውቀው» ይላል። ቁስሉ ዳነ። እናቴ ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች። ፍራሹ ግን ያው የደንገሉ ነው፤ ሌላ አልተኛም አለች። ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ «እንግዲህ ማን ሊቀይርልኝ ነው?» አለች። ለቅሶ ሙሉ ሳታለቅስ ቆይታ ያን ቀን አለቀሰች።

ቀየርንላት። ታናሽ ወንድሜ ነው የሠራው። እጁ ደህና ነው፤ ቋጠሮው ግን ገና ይላላል።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይህን ነው። ሐውልት አልጠይቅም። በስሙ መንገድም አልጠይቅም፣ አደባባይ ላይ የሲሚንቶ ታንኳ ለመትከል ያሰበ ካለም እባካችሁ ይተወው። ሃምሳ እርምጃ የሚሆን ሐይቅ ዳር ክፍት ተዉልን። አጥር የሌለው፣ ፀሐይ የሚያገኘው፣ አንድ ሁለት ዛፍ ያለበት። ሣር እንኳ አታልሙልን። ደንገል የሚሰጣበት፣ ታንኳ የሚታሰርበት፣ ሠርታ የመጣች ታንኳ ቆማ የምትንጠፈጠፍበት ቦታ ይሁን። ከፊት ለፊቱ ያለው ደንገል ደግሞ አይነቀል። ለእኛ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። በከተማው ዙሪያ ይህን ሥራ የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ፤ የሚሠሩበት መሬት ስላጡ ልጆቻቸው ባጃጅ ይነዳሉ። ባጃጅ መንዳት ነውር አይደለም፣ ወንድሜም ይነዳል። ግን አባዬ የሚያውቀውን በጽሑፍ ላስቀርልህ ስለው «ወረቀት ላይ አይታሰርም» ብሎኛል። እውነቱን ነው። እኔ ይኸው ለእናንተ ስጽፍ ብዙ ሞከርኩ፤ አንዱን ቋጠሮ እንኳ በትክክል መግለጽ አልቻልኩም።

ቦታው በየትኛው ሕግ ይሰጣል፣ በማን ስም ይሁን፣ ያን እናንተ ታውቃላችሁ። እኛ ካርታ አንጠይቅም። በስማችን ይሁንም አላልንም።

አንድ ቅርብ ነገር ደግሞ አለ። አባዬ ሲሞት ግቢ ውስጥ አንዲት ታንኳ ጀምሮ ነበር። ግማሽ ድረስ ታስራለች። የቀረውን ወንድሜ ጨርሷል፣ አፍንጫዋን ወጥሯታል፣ ሰሞኑን ትፈታለች። ያዘዟት እኚያ መነኩሴ ናቸው። አሁን ሞተር አላቸው፣ ግን «የሱን እጅ የነካች ናት» ብለው አልተዉም። ክረምት ሳይገባ መውረድ አለባት።

ቅዳሜ ጠዋት አስፋልቱን እናቋርጣለን። ከቤታችን የሚቀርበው መውረጃ ያ የድሮው ዋርካ ያለበት ነው፣ አጥሩ ውስጥ። ለአንድ ጊዜ ነው። በሩን እንዲከፍትልን ለዘበኛው ንገሩልን።